የፕላስቲክ መፍጫ ማሽንና የሠራተኛው እጅ

በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሔቱ በጥቂቱ ታርሞ የታተመ

አዘጋጅ ኮሚቴው «ሃያ ደቂቃ አለህ፤ ስለ ሥራህ ንገረን» ሲለኝ ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ከምሳ በኋላ መሆኑን ግን ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት። እንግዲህ የሚያንቀላፋ ካለ አልቀየምም፤ ፋብሪካ ያላችሁ ግን እባካችሁ ነቅታችሁ ስሙኝ።

የማወራላችሁ ስለ አንድ ማሽን ነው። በመጽሐፍ ስሙ ግራኑሌተር ይባላል። ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ «ግራኑሌተር» ብትሉ ግን ዞር ብሎ የሚያያችሁ የለም፤ ክሬሸር ወይም መፍጫ ማለት አለባችሁ። ቆራሌው በየሠፈሩ እየዞረ የሚሰበስበው የተቀደደ ጀሪካን፣ የተሰበረ ሳፋ፣ እግሩ የወለቀ የፕላስቲክ ወንበር፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ይሄ ሁሉ ተለቅሞና ተለይቶ ማሽኑ አፍ ውስጥ ይገባል፤ በታች በኩል የጣት ጥፍር የሚያህል ፍርፋሪ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ይታጠባል፣ ይቀልጣል፣ እንደገና ጀሪካን ወይም የውኃ ቱቦ ይሆናል። ጥሩ ሥራ ነው፣ አገርም ያጸዳል። ማሽኑ ግን በዚህ ዘርፍ ካሉት ሁሉ እጅ በመብላት የሚስተካከለው ያለ አይመስለኝም።

ለምን ለእናንተ? ትሉኝ ይሆናል። ማሽኑ ላይ የሚቆመው የቀን ሠራተኛ ነው፤ እናንተ ደግሞ እዚህ ክራቫት አድርጋችሁ ተቀምጣችኋል። ከመሃላችን ግን ፋብሪካ የከፈቱ አሉ። ማሽን የሚያስመጡ አሉ። ባንክ ተቀምጠው ለእንዲህ ያለ ፋብሪካ ብድር የሚፈርሙም አሉ፤ ስማቸውን ባልጠራም ሲስቁ እያየኋቸው ነው። እኔ በየፋብሪካው እየዞርኩ ይህን ማሽን ስተክልና ስጠግን የታዘብኩት፣ የዚያ ሠራተኛ እጅ የሚተርፈው ወይም የሚቆረጠው በአብዛኛው እሱ ገና ከመቀጠሩ በፊት፣ ማሽኑ ሲመረጥ፣ ሲገዛና ሲተከል በተወሰነ ነገር ነው።

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ሁላችንም መካኒካል አይደለንምና። ከላይ የሚጎርስበት አፍ አለው። ከሥር የመቁረጫ ክፍሉ ነው። እዚያ ውስጥ ሮተር የሚባል ወፍራም ዘንግ ይሽከረከራል፤ በላዩም ቢላዋዎች በብሎን ታስረዋል። ግራና ቀኝ ደግሞ የማይንቀሳቀሱ ቢላዋዎች አሉ። ፕላስቲኩ በሁለቱ መካከል ገብቶ እንደ መቀስ ይቆረጣል። ከሮተሩ ሥር ወንፊት አለ፤ ከወንፊቱ ቀዳዳ የሚያንስ ብቻ ይወርዳል፣ ያላነሰው እንደገና ተመልሶ ይቆረጣል። ሞተሩ ኃይሉን የሚያስተላልፈው በቺንጋ ነው። ከሮተሩ ጫፍ ላይ ደግሞ ቮላኖ፣ ማለት ከባዱ መንኮራኩር አለ፤ ወፍራም ነገር ሲገባ ማሽኑ እንዳይንቀው ጉልበት የሚያጠራቅም።

አሁን ትንሽ ስሌት። መምህራኖቻችን ስላሉ መፍራቴ አልቀረም፣ ቢሆንም ላድርገው። መካከለኛ ማሽን እንውሰድ፤ ሮተሩ 300 ኪሎ፣ ስፋቱ 40 ሳንቲሜትር፣ በደቂቃ 500 ጊዜ የሚዞር ይሁን። ቮላኖው 150 ኪሎ፣ ስፋቱ 80 ሳንቲሜትር ይሁን። ሁለቱ ሲሽከረከሩ የሚይዙት ጉልበት ወደ 25 ኪሎጁል ይጠጋል። ይህም አንድ ቶን የምትመዝን ትንሽ መኪና በሰዓት 25 ኪሎሜትር ስትሄድ ያላት ጉልበት ነው። ስለዚህ ማጥፊያውን ስትጫኑ የሚጠፋው ሞተሩ ብቻ ነው፤ መኪናዋ ገና እየሄደች ነው። ባዶ ከሆነ ሮተሩ እስኪቆም ደቂቃዎች ሊወስድበት ይችላል፤ ድምፁ ሲቀንስ ደግሞ የቆመ ይመስላል። ሮተሩ ሦስት ረድፍ ቢላዋ ካለው፣ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ አንድ ቦታ ላይ በሴኮንድ 25 ጊዜ ቢላዋ ያልፋል። ሰው ደንግጦ እጁን ለመመለስ ሩብ ሴኮንድ ይፈጅበታል። በዚያች ሩብ ሴኮንድ ስንት ቢላዋ እንደሚያልፍ እናንተው አስሉት።

ወደ እኛ አገር ሁኔታ ልምጣ። ፈረንጆቹ በመመሪያ መጽሐፋቸው ብዙ የማይጽፉበት፣ እኛ ግን በየቀኑ የምንኖርበት አንድ ነገር አለ፤ የመብራት መሄድና መምጣት።

አንድ ድርጅት፣ ስሙን አልጠራም፣ አደጋ ከደረሰ በኋላ ማሽኑን እንዳይ ተጠርቼ ሄድኩ። ማሽኗ ትንሽ ናት፣ 7.5 ኪሎዋት። ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ማሽኑ ጀሪካን እንደጎረሰ መብራት ሄደ፤ የመቁረጫ ክፍሉ እንደ ሞላ ቆመ። ልጁ ደግሞ የሞላ ማሽን ሲያስነሱት እንደማይነሳ፣ ሞተሩም ሊቃጠል እንደሚችል ያውቃል፤ ትክክልም ነው። ስለዚህ ሳይታዘዝ፣ ጊዜ እንዳይባክን ብሎ፣ ክዳኑን ከፍቶ በእጁ መልቀም ጀመረ። አብዛኛውን አወጣ። ያኔ መብራት መጣ። ፕላስቲክ የሚለዩት ሴቶች እንደ ልማዳችን «መጣ!» ብለው እልል እንዳሉ ነግረውኛል። ማሽኑም ማንም ሳይነካው ተነሳ። ልጁ የቀኝ እጁን አራት ጣቶች አጣ።

ስመረምረው ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛ፣ ኮንታክተሩ ከወራት በፊት ተቃጥሎ ስለነበር የኤሌክትሪክ ሠራተኛው «ለጊዜው» ብሎ ሞተሩን በቀጥታ ከብሬከሩ ጋር አገናኝቶታል። ደኅና ኮንታክተር መብራት ሲሄድ ይለቃል፤ መብራት ሲመጣም አንድ ሰው ሄዶ ማስነሻውን ካልተጫነ አይነሳም። ያ ጥበቃ ተነስቷል። ሁለተኛ፣ ክዳኑ ሲከፈት ኃይል የሚቆርጠው ስዊች በሽቦ ታስሯል፤ ክዳኑ ተከፈተም ተዘጋም እሱ «ተዘግቷል» ነው የሚለው። ለምን? ስላችሁ፣ ስዊቹ በማሽኑ ንዝረት አንዳንዴ ሳይከፈት ይቆርጥና ሥራ ያስቆም ነበር። ማስተካከል ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ማሰር አንድ ደቂቃ። በሪፖርቱ ላይ የአደጋው ምክንያት ተብሎ የተጻፈው ግን «የሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት» ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም፤ አሁንም አልስማማም።

ስለዚህ ማሽን ያላችሁ ሰዎች፣ ነገ ጠዋት ፋብሪካ ስትገቡ ይህችን ሙከራ አድርጉልኝ። ማሽኑ ባዶውን እየዞረ ሳለ ዋናውን ብሬከር ዝጉ፣ ሮተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ሁሉንም ሰው አርቃችሁ ብሬከሩን መልሱት። ማሽኑ በራሱ ከተነሳ ዛሬውኑ ሥራ ይቁም። ቀጥላችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ማንም እጁን ሳያስገባ፣ ማስነሻውን ተጫኑ። ከተነሳ እንደዚያው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ከአማካሪ ክፍያም ይረክሳል፣ እኔንም ጨምሮ።

ስለ ተከላ ጥቂት ልበል። ቦታው ደረጃው የተስተካከለ፣ የጠነከረ ሲሚንቶ ይሁን፤ ከእግሩ ሥር ንዝረት የሚውጥ ጎማ ይኑር። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ወንፊቱም ወጥቶ ሰው በምቾት የሚቆምበት ክፍት ቦታ ከሌለ፣ ጥገናው ሁሉ ተጎንብሶና ተጠምዞ ስለሚሠራ አንድ ቀን እጅ መንሸራተቱ አይቀርም። መሬት ሽቦው የማሽኑ አካል ላይ በብሎን ይታሰር። ሃይላንድ የምትፈጩ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ውኃ እያፈሰሳችሁ ነው የምትፈጩት፤ ውኃና 380 ቮልት አንድ ወለል ላይ ስለሆኑ የፍሳሽ ኃይል ቆራጭ ብሬከር ግዴታ ነው፣ ወለሉም የሚያንሸራትት አይሁን።

አቅጣጫውን ስታዩ ቺንጋውን አውልቃችሁ ሞተሩን ብቻ ለአፍታ አስነሱት። ከሦስቱ ፌዝ ሁለቱ ተቀያይረው ከተገናኙ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ያኔ ቢላዋው በጀርባው ይመታል። ይህ አንዴ ታይቶ የሚተው ነገር አይደለም፤ የሠፈሩ ትራንስፎርመር ከተቀየረ ወይም መስመሩ ከተነካ በኋላ እንደገና ይታያል።

የሚያሳስበኝ ግን አፉ ነው። ደኅና ማሽን ከአፉ ጫፍ እስከ ቢላዋው ድረስ ያለው ርቀት ሆን ተብሎ ረዝሞ፣ አንዳንዴም ታጥፎ ነው የሚሠራው፤ የሰው እጅ እንዳይደርስ። ክንድ እስከ ትከሻ በሚያስገባ ቀዳዳ በዓለም አቀፍ መመዘኛ የሚጠየቀው ርቀት 850 ሚሊሜትር ነው፤ ሰው አካሉን ይዞ ሊገባበት በሚችል አፍ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። እንዲህ ላሉ ማሽኖች የተጻፈ የአውሮፓ መመዘኛም አለ፣ ኢኤን 12012 ይባላል። ታዲያ እኛ ጋ ምን ይደረጋል? «ትልቅ በርሜል አያስገባም፣ ከፍታውም ያስቸግራል» ተብሎ አፉ በብየዳ ተቆርጦ ያጥራል። ወይም የአገር ውስጥ ወርክሾፕ ማሽን ሲሠራ ላሜራ ለመቆጠብ አጭር አድርጎ ይሠራዋል። አፉ ላይ የሚንጠለጠሉት የጎማ መጋረጃዎችም «ያግዳሉ» ተብለው ይነሳሉ፤ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ የሚመጣውን ስባሪ ከሠራተኛው ዓይን የሚከለክሉት እነሱ ናቸው። ብየዳ ያስተማርናቸው ልጆች ይህን ሲያደርጉ ሳይ ያናድደኛል። በርሜሉን በመጋዝ ለሁለት መክፈል ይቻላል እኮ!

አሠራሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ማሽኑ ባዶውን ይነሳል፣ ሙሉ ፍጥነቱን ይይዛል፣ ከዚያ ነው የሚጎርሰው። ሲቆምም መጀመሪያ መመገብ ይቆማል፣ ውስጡ ያለው ያልቃል፣ ድምፁ ይቀላል፣ ከዚያ ይጠፋል። እየዞረ ሳለ በእጅም በብረትም አይገፋም። ጓንት እየዞረ ካለ ማሽን አጠገብ ጠላት ነው፣ ይዞ ይጎትታል፤ ነጠላና ሻርፕም እንደዚያው። ይህን ለሴቶቹ ስትነግሩ ነጠላውን አውልቁ ብቻ አትበሏቸው፣ ፀጉር የሚሸፍኑበት ጠበብ ያለ ኮፍያ ስጧቸው። ጆሮ መሸፈኛም ግዙ፤ ማሽኑ ሲጎርስ ጎን ለጎን ያለ ሰው ሳይጮህ መነጋገር ካልቻለ ድምፁ ከሚፈቀደው አልፏል ማለት ነው። ልየታውንም አትናቁ። ብረት እጀታ፣ ሚስማር፣ የባትሪ አሲድ የነበረበት ጀሪካን፣ ከእርሻ የመጣ የጸረ ተባይ ዕቃ፣ ክዳኑ የተገጠመና ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ጠርሙስ፣ እነዚህ ማሽኑ አፍ መድረስ የለባቸውም።

አሁን ወደ ጥገናው። ከባዱ አደጋ የሚደርሰው ማሽኑ ቆሞ ሳለ ነው፣ ቢላዋ ሲቀየር።

ቢላዋ ሲደነዝ ማሽኑ ዱቄት ያበዛል፣ ፕላስቲኩን ያሞቀዋል፣ ወንፊቱ ይደፈናል፣ ሞተሩ ያቃስታል። ከዚያ ወጥቶ ይሳላል። ሥራው የሚጀመረው ከኤሌክትሪኩ ነው። ዋናው መቁረጫ ይዘጋል፣ በላዩም ጋን ቁልፍ ይደረጋል፤ ቁልፉ ያለው ማሽኑ ውስጥ እጁን የሚያስገባው ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ፎርማኑ ጋ አይደለም፣ ሚስማር ላይ አይሰቀልም፣ ትርፍ ቁልፍም አይኖረውም። ሁለት ሰው ከሠራ ሁለት ቁልፍ ይደረጋል። አሜሪካኖች በ1989 ይህን ሕግ አድርገውታል፤ ለእኛ የሚያስፈልገን ሦስት ጋን ቁልፍ ነው። ቀዩ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ በዚህ ቦታ አይተካም፤ እሱ ትእዛዙን ነው የሚያቆም፣ ኃይሉ ግን ሳጥኑ ድረስ እንዳለ ነው። ከቆለፋችሁ በኋላ ማስነሻውን ተጭናችሁ አለመነሳቱን እዩ።

ክዳኑ ከባድ ነው፤ ሲከፈት መደገፊያው ፒን ይግባለት። አንድ ክዳን ሲወድቅ የሚሰማውን ድምፅ የሰማ ሰው ፒኑን አይረሳም። ቀጥሎ ሮተሩን በእንጨት ሽብልቅ አስሩት። ይህን ብዙ ባለሙያ ይዘለዋል፤ «ኃይል የለው፣ ምን ይሆናል?» ይላል። ግን አንዱ ቢላዋ ሲወልቅ ሮተሩ ሚዛኑን ያጣል፣ ከባዱ ጎን በራሱ ክብደት ወደ ታች ይዞራል። ቀስ ብሎ ነው የሚዞር፤ ለጣት ግን ያ ይበቃል። ቮላኖውን አንዱ ከውጭ በእጁ እያዞረ ሌላው ውስጥ የሚሠራበት ነገርም አለ። «ትንሽ አዙርልኝ፣ በቃ በቃ!» ሲባባሉ ሰምቼ አውቃለሁ። አይደረግም። የሚያዞረውና ውስጥ የሚሠራው አንድ ሰው ነው፣ ሲያዞርም እጁ ውጭ ነው።

ብሎኑ የተጣበቀ ስለሚሆን መፍቻው በድንገት ይለቃል፤ እጅም ፊት ለፊት ያለው ቢላዋ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ስለቱ በእንጨት ወይም በወፍራም ካርቶን ይሸፈን፤ መፍቻውም ከስለቱ ወደሚርቅ አቅጣጫ ይሳብ። እዚህ ላይ ግን ስለት የሚከላከል ጓንት ይለበሳል፣ ማሽኑ ቆሟልና።

ሲመለስ ቢላዋዎቹ በስብስብ ነው የሚሳሉት፤ አንዱን ብቻ ስሎ ሌላውን መተው የለም፣ ክብደታቸው ካልተመጣጠነ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታውን ይበላል። በሮተሩና በቋሚው ቢላዋ መካከል ያለው ክፍተት እንደ ማሽኑና እንደ ፕላስቲኩ ዓይነት ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ ከሁለት እስከ አራት ወረቀት ውፍረት በሉት። በፊለር ጌጅ ይለካል፣ በዓይን አይገመትም፤ አጥብበውት ቢላዋ ከቢላዋ ሲጋጭ ብረቱ ተሰብሮ በአፉ በኩል እንደ ጥይት ሊወጣ ይችላል። ብሎኖቹ በቶርክ መፍቻ፣ አምራቹ በጻፈው ልክ ይጠበቃሉ፤ ክሩ የተበላ ብሎን አይመለስም፣ ከብረታ ብረት ሱቅ የተገዛ ተራ ብሎንም አይተካውም። ጥቂት ከሠራ በኋላ ይቆምና፣ ይቆለፍና፣ እንደገና ይፈተሻል። ቺንጋዎች ሲቀየሩ ሁሉም በአንድ ላይ ይቀየሩ። ግሪስ ላይ ደግሞ ቸርነት አያስፈልግም፤ የበዛ ግሪስ ኩሽኔታውን ያሞቀዋል።

አንድ የሚከነክነኝን ነገር ላንሳ። ብዙ ቦታ ሠራተኛው የሚከፈለው በኪሎ ነው። በኪሎ የሚከፈል ሰው ማሽኑ የቆመባት እያንዳንዷ ደቂቃ ከእሱ ኪስ ትወጣለች። ከዚያ ግድግዳ ላይ «ቅድሚያ ለደኅንነት» ብለን እንለጥፍና ሮተሩ እስኪቆም አምስት ደቂቃ ጠብቅ እንለዋለን። ለቢላዋ ቅያሬና ለጽዳት የሚጠፋው ሰዓት በቀን ሒሳብ ይከፈለው። ይህን ያደረገ አንድ ባለቤት አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ስዊቹ ላይ ሽቦ አላየሁም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ ማሳወቅን፣ የመከላከያ ዕቃ መስጠትንም አሠሪው ላይ ነው የጣለው፤ እናም «ነግሬው ነበር» ብቻውን ብዙ ርቀት አይወስድም።

ለባንክ ሰዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ለማሽን መግዣ ብድር ስትፈቅዱ የንግድ ዕቅዱን፣ የዋስትና ንብረቱን ትጠይቃላችሁ። ከፕሮፎርማው ጋር የአፉ ርቀት የታየበት ሥዕል፣ የክዳን ስዊቹ ዓይነት፣ የመለዋወጫ ቢላዋና ብሎን ዋጋ አብሮ ይምጣ ብትሉስ? አስመጪውም ያኔ አጭር አፍ ያለውን ርካሽ ማሽን ይዞ መምጣቱን ይተዋል። ያገለገለ ማሽን የምትገዙም የክዳን ስዊቹ ያለበትን ሳጥን ሳታስከፍቱ ገንዘብ አትክፈሉ።

ቅድም የነገርኳችሁን ሙከራና የቢላዋ አቀያየሩን ቅደም ተከተል በአማርኛ አንድ ገጽ ላይ አስፍሬ፣ ሥዕልም ጨምሬበት፣ መግቢያው በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። በላሚኔሽን የተሸፈነ ስለሆነ ውኃና ግሪስ አይጎዳውም፤ ማሽኑ ጎን ይሰቀል። ሃምሳ ቅጂ ነው ያለኝ፣ ፋብሪካ ያላችሁ ቅድሚያ ውሰዱ። ጥያቄ ያለው ካለ ቡናው እስኪቀርብ ድረስ እዚሁ ነኝ።